መርካቶ ሰልባጅ ተራ ለኬንያ ጉዞ፦ ምን ይገዛል፣ ምን ይተዋል

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ዕቃችሁን በጀርባችሁ አዝላችሁ፣ በትንሽ ገንዘብ ወደ ኬንያ ልትወጡ ካሰባችሁ ቦርሳችሁን መርካቶ ሰልባጅ ተራ ግዙ። ለቦርሳ፣ ለጃኬትና ለስሊፒንግ ባግ (የመኝታ ከረጢት) በመሀል አዲስ አበባ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላገኘሁም። ጫማ ግን ከዚያ አትግዙ። ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ።

ይህን ግምገማ የምጽፈው ብዙ የማውቃቸው ልጆች ፓስፖርታቸውን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠው "እንዲህ ያለው ጉዞ የፈረንጅ ነው" ስለሚሉ ነው። ቦሌ መስታወት ውስጥ የተሰቀለ ትልቅ የጀርባ ቦርሳ ያያሉ፣ ዋጋውን ይጠይቃሉ፣ ከዚያ ጉዞውን ራሱን ይተዉታል። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። ጎረቤታችን ኬንያ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ አትጠይቅም። ሌላ አገር ለመሄድ በኤምባሲ ደጃፍ ወራት የሚፈጀው ሁሉ እዚህ የለም። የቀረው ወጪ መጓጓዣ፣ ማደሪያ፣ ምግብና ዕቃ ነው፤ ከእነዚህ ደግሞ በእጃችሁ ያለው፣ ከመነሳታችሁ በፊት ልትቀንሱት የምትችሉት ዕቃው ነው። በዕቃ ላይ የተረፈች እያንዳንዷ ብር እዚያ አንድ ተጨማሪ ሌሊት ትሆናለች።

ሰው የሚሳሳተው ቦርሳውን ገዝቶ ከዚያ ጉዞውን ሲያቅድ ነው። መጀመሪያ በምን እንደምትሄዱ ወስኑ። በአውሮፕላን ከሆነ ናይሮቢ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በኢኮኖሚ ክፍል በእጅ እንዲያዝ የሚፈቅደው ዕቃ 7 ኪሎ ነው፤ ልኩም 55 በ40 በ23 ሴንቲ ሜትር። በየብስ ከሆነ ደግሞ ከአዲስ አበባ ሞያሌ ወደ 770 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከሞያሌ በማርሳቢትና በኢሲዮሎ አድርጎ ናይሮቢ ድረስ ደግሞ ያንኑ ያህል። በአንድ ቀን የሚያልቅ መንገድ አይደለም። እኛ ዲላ አድረን ነው የሄድነው። ሞያሌ ላይ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀ የጋራ የድንበር ጣቢያ አለ፤ የሁለቱም አገር ሠራተኞች አንድ ቦታ ስለሚሠሩ የመውጫውንና የመግቢያውን ማኅተም አንድ ላይ ትጨርሳላችሁ። ከመነሳታችሁ በፊት ግን መንገዱ ሰላም መሆኑን ከሾፌሮችና ከዚያ በቅርብ ከመጡ ሰዎች ጠይቁ። በሌሊት አትጓዙ። የሚያጠራጥር ነገር ካለ ገንዘብ ለመቆጠብ ብላችሁ ነፍሳችሁን አታስይዙ፤ በአውሮፕላን ሂዱ ወይም ጊዜ ጠብቁ።

ይሄ ሁሉ ከቦርሳ ጋር ምን አገናኘው? በጣም ይገናኛል። በየብስ የሚሄድ ቦርሳ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ይወጣል፣ ይታሰራል፣ ይወረወራል፣ አቧራ ይጠጣል። ጠንካራ መሆን አለበት፣ የሚንጠለጠል ነገርም ባይበዛበት ጥሩ ነው። በአውሮፕላን የሚሄድ ግን ከ40 ሊትር ባይበልጥ ይመረጣል፤ ራሱ ቦርሳው ሁለት ኪሎ ተኩል ከመዘነ ከ7 ኪሎው ላይ ምን ተረፈ? የእኔ ምክር ለአውሮፕላን 40፣ ለየብስ እስከ 50 ሊትር ነው። ሰልባጅ ተራ ውስጥ 65 እና 75 ሊትር የሆኑ ግዙፍ ቦርሳዎች ይበዛሉ። ሻጩም "ብዙ ይይዛል" ብሎ ያሞግሳቸዋል። አትሸወዱ። ባዶ ቦታ ካለ ትሞሉታላችሁ፣ የሞላችሁትን ደግሞ ትሸከሙታላችሁ። ብዙዎቹ ላይ ሊትሩ ተጽፎ ታገኙታላችሁ፤ "50+10" የሚል ካያችሁ ዋናው 50 ሆኖ አንገቱ ሲሳብ 10 ይጨምራል ማለት ነው።

አሁን ወደ ገበያው ልግባ። ሰልባጅ ተራ ውስጥ ቦርሳ ብቻ የሚሸጥ ሱቅ አትፈልጉ። ቦርሳዎቹ ከጃኬትና ከጂንስ ክምር ጋር ተቀላቅለው፣ አንዳንዴ ከጣሪያ ላይ ተንጠልጥለው፣ አንዳንዴ ከሻጩ እግር ስር ተጣጥፈው ነው ያሉት። ስለዚህ "የጀርባ ትልቅ ቦርሳ፣ የወገብ ቀበቶ ያለው" እያላችሁ ጠይቁ። ልጆቹ ይተባበራሉ። እሱ ጋ ባይኖር ከጓደኛው ጋ ሮጦ ያመጣላችኋል። ይሄ ከመርካቶ የምወደው ነገር ነው፤ ቦሌ ያለ ሱቅ "የለም" ይላችሁና ስልኩን ማየት ይቀጥላል፣ መርካቶ ግን "የለም" የሚባል መልስ የለም።

ለእኔ የመጣልኝ ዶይተር የሚባል የጀርመን ቦርሳ ነበር፤ 45 ሊትር፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ጠርዙ ላይ ትንሽ የተላጠ። ሻጩ ልጅ እግር ነው፣ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው።

"እህቴ ይሄ ኦርጅናል ነው፣ ዕድሜ ልክሽን ትይዥዋለሽ።"

"እሺ፣ ክብደት ሙላልኝና ልልበሰው" አልኩት።

መጀመሪያ ግር አለው። ከዚያ ገባውና ከጎኑ ካለው ክምር ጂንስ እያነሳ መጠቅጠቅ ጀመረ። ይህን ሁላችሁም እንድታደርጉ እለምናችኋለሁ። ባዶ ቦርሳ ሁሉ ይመቻል። አንድ ጂንስ ከግማሽ ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ አሥራ አምስት ያህሉ ሲገባ ወደ አሥር ኪሎ ይጠጋል፤ ይሄ በመንገድ ላይ የምትሸከሙት ልክ ነው። ከዚያ የወገብ ቀበቶውን መጀመሪያ እሰሩ። ቀበቶው መቀመጥ ያለበት ሆድ ላይ አይደለም፣ በሁለት ጎን የሚዳሰሰው የዳሌ አጥንት ላይ ነው። ጠበቅ ስታደርጉት ክብደቱ ከትከሻ ወደ ዳሌ ሲወርድ ይታወቃችኋል። ቀጥሎ የትከሻ ማንገቻውን ሳቡ። በማንገቻውና በትከሻችሁ መካከል ክፍተት ካለ ቦርሳው ለጀርባችሁ ረጅም ነው፤ ቀበቶው ወደ ሆድ ከወጣ ደግሞ አጭር ነው። እሱን ለብሳችሁ በሰልባጅ ተራ ጠባብ መተላለፊያ ወዲያና ወዲህ ተመላለሱ። ሰው ያያችኋል፣ ይየው። እኔ ስመላለስ ከጎን ያሉት ሻጮች ሁሉ አስተያየት ሰጡ፤ አንዷ ሴትዮ "የግራው ወርዶብሻል፣ ሳቢው" ብለው አስተካከሉልኝ። ልክ ነበሩ።

ከተመቻችሁ በኋላ ምርመራው ይቀጥላል። በመጀመሪያ ገበሩን ገልብጣችሁ በጣታችሁ እሹት። የእነዚህ ቦርሳዎች ውስጥ ውሃ እንዳያስገባ የተቀባ ስስ ነገር አለ፤ ቦርሳው ብዙ ዓመት መጋዘን ከቆየ ይበላሻል። እጅ ላይ ከተጣበቀ ወይም እንደ ፎረፎር ከተራገፈ ተዉት፤ ልብሳችሁ ሁሉ ላይ ይለጠፋል፣ በምንም አይጠገንም። ሁለተኛ ዚፕ። ባዶ ሆኖ የሚዘጋ ዚፕ አያሳምናችሁ፤ ጂንሱ እንደሞላ ማዕዘኑ ላይ ዝጉት። የዚፑ ጥርስ ከጎደለ ተዉት፣ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ የሚሳበው የዚፑ ራስ ከላላ ግን ይስተካከላል። ሦስተኛ ክሊፖቹ። ፕላስቲክ ሲያረጅ ይደርቅና ሳይታሰብ ቀጭ ይላል። አሥር ጊዜ ክፈቱ ዝጉ። በተለይ የወገቡ ክሊፕ ጤነኛ ካልሆነ ቦርሳው ሙሉ ክብደቱ ትከሻ ላይ ቀረ ማለት ነው። አራተኛ ማንገቻው ከቦርሳው አካል ጋር የተሰፋበት ቦታ። እዚያ ላይ ስፌቱ ከተንቀሳቀሰ ዋጋ ማስቀነሻ ይሁናችሁ፣ ለመተው ግን አያበቃም።

ስለ ዋጋ፦ 3,500 ብሎ ጀመረ፣ በ2,200 ብር ተስማማን። ሌላ ቀን ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ቦንዳ ሲፈታና ሳይፈታ ዋጋው አንድ አይደለም። ያው ሲጀምሩ የሚጠሩት ዋጋ ለመነጋገሪያ ነው፤ ጉድለቱን በትሕትና እያሳዩ መደራደር ይሠራል፣ ማጣጣል ግን አይሠራም። "ይሄ ቆሻሻ ነው" ያለ ሰው ዋጋ አይወርድለትም። እኔ የላላውን ዚፕና የተንቀሳቀሰውን ስፌት አሳየሁት፣ "ይሄን ላሠራበት ቀንስልኝ" አልኩት፣ ቀነሰ።

ከሰልባጅ ጋር ላወዳድረው ብዬ ስታዲየም አካባቢና ቦሌ አዳዲሶቹንም ዞሬ አይቻለሁ። ብዙዎቹ የታወቀ ምልክት የተለጠፈባቸው ፎርጅዶች ናቸው። ከሩቅ ያምራሉ። የወገብ ቀበቶአቸው ግን ውስጡ ስፖንጅ የሌለው ባዶ ጥብጣብ ነው፤ ለማሰር ነው እንጂ ክብደት ለመሸከም አልተሠራም። የጉዞ ጓደኛዬ ከእነዚህ አንዱን ገዝታ ነበር፤ የከፈለችው እኔ ከከፈልኩት እጥፍ ይበልጣል። ማርሳቢት ሳንደርስ አንዱ ማንገቻ ከሥሩ ተነቀለ። የቀረውን መንገድ በአንድ ትከሻ ስትጎትተው ማየት ያናድድ ነበር፤ ደክማ የሠራችበት ገንዘብ ነው። ስለዚህ ያረጀ ጥሩ ቦርሳ ከአዲስ መጥፎ ቦርሳ ይሻላል የምለው በዓይኔ አይቼ ነው።

ገዝታችሁ ወደ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት እዚያው መርካቶ አሠሩት። በመኪና የሚሰፉ ቦርሳ ሰፊዎች አሉ። እኔ የሄድኩባቸው ጋሼ መነጽራቸውን በክር ያሰሩ ትልቅ ሰው ናቸው። ዚፑን ልቀይረው ነው ብዬ ሄጄ ነበር። ጋሼ አዩትና "ልጄ፣ ምን ሆኖ ይቀየራል? ጥርሱ እኮ የብረት ያህል ነው" አሉኝ። ፒንሳ አነሱ፣ የዚፑን ራስ ከግራና ከቀኝ ቀስ አድርገው ጨመቁት፣ ሁለት ጊዜ ወሰዱት መለሱት፣ ሻማ አሹበት፣ በቃ። ሠራ። የዚፕ ራስ በብዛት ከመከፈት ብዛት አፉ ይሰፋል እንጂ ዚፑ አይሞትም አሉኝ። ለዚህ ገንዘብ አልቀበልም ብለው ለማንገቻው ስፌት ብቻ አስከፈሉኝ፤ እሱን በሰም ክር አራት ማዕዘን አድርገው፣ መሀሉን እንደ መስቀል አጣምረው ሰፉት። ያ ስፌት ዛሬም ንቅንቅ አላለም። ለሰልባጅ ተራ ከሰጠሁት ነጥብ ግማሹ የሳቸው ነው። የቦርሳችሁ ምልክት ኖርዝ ፌስም ይሁን ኬቹዋ፣ እንዲህ ያለ ሰው በቅርብ መኖሩ ነው መርካቶን ከየትኛውም ሱቅ የሚያስበልጠው።

ቤት ስትደርሱ ወዲያው አልጋችሁ ላይ አትጣሉት። ትኋን ሊኖር ይችላል። ውጪ አራግፉት፣ በሞቀ ውሃና በኦሞ በሳፋ እሹት፣ ጥላ ላይ ተንጠልጥሎ በደንብ ይድረቅ። በልብስ ማጠቢያ ማሽን አታስገቡት፤ ያ የውስጥ ቅቡን ይገፈዋል።

ጃኬትና ስሊፒንግ ባግ ላይ ሰልባጅ ተራ እውነትም ሀብታም ነው። ቀለል ያለ የዝናብ ጃኬትና አንድ ፖላር (ለስላሳ የሚያሞቅ ሹራብ) ከገዛችሁ ይበቃችኋል። ለኬንያ ጃኬት ምን ያደርጋል የሚል ካለ፣ ናይሮቢ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ ማታ ትበርዳለች። የኬንያ ተራራ ደግሞ 5,199 ሜትር ነው፣ ከራስ ዳሽን በጣም ይበልጣል፤ እግረኞች የሚወጡት ሌናና የሚባለው ጫፍ ራሱ 4,985 ሜትር ነው። እዚያ ለማደር ያሰበ ሰው ጥሩ ስሊፒንግ ባግ ያስፈልገዋል። ስትገዙ ብርሃን ላይ ዘርጉትና ሙሌቱን በመዳፋችሁ ዳብሱ። አንድ ቦታ ተጓጉሎ ሌላው ቦታ ስስ ጨርቅ ብቻ ከሆነ ሙቀት አይሰጥም። ተራራ የማትወጡ ከሆነ ግን ስሊፒንግ ባግ አትሸከሙ፣ በሆስቴል አልጋና ብርድ ልብስ አለ። ጋቢም አትያዙ። እወደዋለሁ፣ ግን ይከብዳል፣ ከረጠበም ቶሎ አይደርቅም። ነጠላ ያዙ። ነጠላ አንሶላ ይሆናል፣ ፎጣ ይሆናል፣ ሞምባሳ ላይ የፀሐይ መከለያ ይሆናል፣ ታጥቦ ከምሳ በፊት ይደርቃል። በዚህ ሁሉ ጉዞ እንደሱ የጠቀመኝ ዕቃ የለም፣ መርካቶ ሳልሄድ ከእናቴ ቁም ሣጥን ያገኘሁት ነው።

ጫማውን እንግዲህ። ሰልባጅ ተራ ላይ የምታዩዋቸው የተራራ ጫማዎች ከላይ ቆዳቸው ያምራል፤ ችግሩ ከስር ነው። በሶሉና በጫማው መካከል ያለው ስፖንጅ መሰል ነገር ተቀምጦ ሲቆይ በእርጥበት ይፈረካከሳል። ጫማው ባይለበስ እንኳ ይበላሻል። መደርደሪያ ላይ ደህና ይመስላል፣ ሁለት ቀን ስትራመዱበት ሶሉ ተነቅሎ ይወድቃል። በአውራ ጣት ስትጫኑት ስንጥቅ ካሳየ ወይም ካልተመለሰ አለቀለት። ጣት የማይለየው ጊዜም አለ። ስለዚህ ጫማ አዲስ ግዙ፣ ውድ መሆን የለበትም፣ ከመነሳታችሁ በፊት ግን እግራችሁ ይልመደው። ለሻወርና ለባሕር ዳር ደግሞ በረባሶ ያዙ።

እግራችሁ እዚያው መርካቶ ምናለሽ ተራ ከደረሰ የምትበሉበትን ዕቃ እዚያ ጨርሱ፤ የማይሰበር ኩባያ፣ ክዳን ያለው ጣሳ፣ ማንኪያ። የካምፕ ዕቃ ብሎ በዶላር የሚሸጠው ሁሉ እዚያ በብር አለ። ስንቅ በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ይሁን። በሶን በስኳር ቀላቅላችሁ ከያዛችሁ ውሃ ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ማገዶ የለም፣ ድስት የለም። አውቶቡስ ምግብ ቤት በሌለበት በረሃ ሲቆም ዋጋውን ታውቁታላችሁ።

አንድ ነገር ግን ከመርካቶ ልማዳችን ጋር አብሮ እንዳይሻገር ተጠንቀቁ፤ ፌስታል። እኛ ልብስ በፌስታል፣ ጫማ በፌስታል፣ ሳሙና በፌስታል ነው የምንጠቀልለው። ኬንያ ከነሐሴ 2009 ዓ.ም. ጀምሮ ፌስታል ከልክላለች፣ ቅጣቱም ከባድ ነው። ከግንቦት 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ብሔራዊ ፓርኮቿ ውስጥ አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት ፕላስቲክ አይገባም፣ ሃይላንድ ጭምር። ስለዚህ ልብስ ለይታችሁ የምትይዙበት የጨርቅ ከረጢት አሰፉ፤ ጋሼ ዓይነቱ ሰው ከቁርጥራጭ ጨርቅ ወዲያው ይሰፋላችኋል። የውሃ መያዣም ከብረት የተሠራ ግዙ። ቦርሳውን ለአውቶቡስ ጣሪያ ማዳበሪያ ውስጥ ከተን አፉን ሰፍተን ነበር የሄድነው፤ ማንገቻው የትም አይያዝም፣ አቧራውም አይገባም። በጣም የምመክረው ዘዴ ነው። ድንበሩ ላይ ግን አውልቁትና እዚሁ ተዉት።

መርካቶ የማይሸጥላችሁ ነገርም አለ፤ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ። ከኢትዮጵያ የሚሄድ መንገደኛ ስለሚጠየቅ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድማችሁ ተከተቡ፤ አንዴ ከተከተባችሁ ካርዱ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ለስልክ ቻርጀር ደግሞ የኬንያ ሶኬት ሦስት አራት ማዕዘን ጥርስ ያለው ነው፤ የእኛው ክቡ አይገባም። ማስተላለፊያው መርካቶ ኤሌክትሪክ ዕቃ ሻጮች ጋ በቀላሉ ይገኛል፣ አንድ ብቻ በቂ ነው። ምንዛሪውን በተመለከተ ባንካችሁ ለመንገደኛ ምን ማስረጃ እንደሚፈልግ ቀድማችሁ ጠይቁ። ኬንያ ስትገቡ በፓስፖርታችሁ ሲም አውጥታችሁ ኤም ፔሳ ክፈቱ፤ እዚያ ከቆሎ ሻጭ እስከ ባቡር ቲኬት ሁሉ የሚከፈለው በሱ ነው።

ቦርሳው እንዴት ነበር? ማታቱ (የኬንያ ሚኒባስ ታክሲ) ውስጥ ጉልበቴ ላይ ይቀመጣል፣ 45 ሊትር በመሆኑ ለሁለተኛ ወንበር አልከፈልኩም። ትልቅ የያዙ ሰዎች ሲያስከፍሏቸው አይቻለሁ። ከናይሮቢ ሞምባሳ የሚሄደው ማዳራካ ባቡር ላይ ኢኮኖሚው 1,500 ሽልንግ ነው፣ አንደኛ ማዕረግ 4,500። ኢኮኖሚውን ያዙ፣ መቀመጫው ጠበብ ይላል ግን የሚታየው ያው ነው፤ በመስኮት በኩል የፃቮ ፓርክን ዝሆኖች የማየት ዕድል አለ። ጣቢያው ከመሀል ከተማ ይርቃል፣ ፍተሻውም ረጅም ነው፤ ቦርሳዎች በሰልፍ መሬት ላይ ተደርድረው ውሻ ያሸታቸዋል፣ ከዚያ ማሽን ውስጥ ያልፋሉ። አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ፣ ቢላ ቦርሳ ውስጥ አትክተቱ። ኪሱ የበዛ ቦርሳ እዚህ ላይ ያስቸግራል፤ የእኔው ሁለት ኪስ ብቻ ስላለው ቶሎ አለፍኩ።

ናይቫሻ አጠገብ ሄልስ ጌት የሚባል ፓርክ አለ፤ በእግርና በብስክሌት መግባት የሚፈቀድበት ነው። መኪና ለመከራየት አቅም ለሌለው ሰው ከኬንያ ፓርኮች ሁሉ ይሄን እመርጣለሁ። የሜዳ አህያና ቀጭኔ በቅርብ እያያችሁ ብስክሌት ትነዳላችሁ። ቀኑን ሙሉ ቦርሳው ጀርባዬ ላይ ነበር፣ ትከሻዬ አልቆሰለም። ያ የወገብ ቀበቶ ነው ሥራውን የሠራው። ጓደኛዬ በቀጣዩ ጉዞ ከእኔ ጋር ሰልባጅ ተራ ለመሄድ የወሰነችው እዚያ ነው።

ቅሬታዬ አንድ ነው። ቦርሳው ከታች የዝናብ ሽፋን መያዣ ኪስ አለው፣ ሽፋኑ ግን የለም። ሰልባጅ ተራ ካየኋቸው ቦርሳዎች የብዙዎቹ የለም፣ ብቻውን ፈልጌም አላገኘሁም። ወፈር ያለ ሸራ ገዝቼ ጋሼ ዙሪያውን ላስቲክ ገመድ አስገብተው ሰፉልኝ፤ ይሠራል፣ ግን ከዋናው ይከብዳል። የምትሄዱበትን ወር በደንብ ከመረጣችሁ ችግሩ ይቀላል። ናይሮቢ ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፣ ትንሹ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ። እኛ ክረምት ውስጥ ጭቃ ስንረግጥ እዚያ ደረቅ ነው፤ ተማሪም አስተማሪም የሚያርፈው በዚሁ ጊዜ ስለሆነ ለመሄድ ከዚህ የተሻለ ወቅት የለም።

ለቦርሳና ለጃኬት ከአምስት አምስት እሰጣለሁ፣ ለስሊፒንግ ባግ አራት፣ ለጫማ ምንም። ቅዳሜ ግፊያው ስለሚበዛ ለመልበስና ለመመላለስ አይመችም፣ እሑድ አብዛኛው ዝግ ነው። በሥራ ቀን ጠዋት ሂዱ፣ ስልካችሁንና ገንዘባችሁን ፊት ኪስ አድርጉ፣ ገንዘቡንም ዘርዝራችሁ ያዙ፤ ለመደራደር ይረዳል። ወደ ቦርሳ ሰፊዎቹ ስትሄዱ መንገድ ከጠፋችሁ ማንንም ሻጭ ጠይቁ፣ እስከ ደጃፋቸው ያደርሳችኋል።